ሕንዳዊውን ነፃ ሊያወጡ የመጡት ሽማግሌዎች

ረፋድ ላይ ነበር። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አሊ በሩን ገፋ አድርጎ «አስተማሪ፣ ሽማግሌዎች መጥተዋል። ሚስተር ኩማርን ሊያስፈቱት ነው» አለኝ።

«ከየት ነው የሚያስፈቱት? እዚያ ማዶ ሂሳብ እያስተማረ አይደል እንዴ?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

ወጣሁ። ሦስት የአፋር ሽማግሌዎች ግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከአሳይታ ተነስተው፣ ጥጥ በጫነ ካሚዮን ላይ ሲንገላቱ አድረው ነው አዋሽ የገቡት። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ የጥጥ እርሻው በሸለቆው የተስፋፋበት።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አፋር ከሰው ጋር ሲገናኝ ዳጉ ይጠያየቃል። ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ አድማጩም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። አሊ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እኛንም «ምን ወሬ አለ?» ይለናል። እኛ ደገኞቹ «ደህና» ብለን እናልፋለን። ከሕንድ የመጣው የሂሳብ መምህራችን ሚስተር ኩማር ግን ጥያቄ ሳይመልስ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀመጠና በዚያች በለመዳት አማርኛ ነገረው። ሰው ሞቶ እንደገና ይወለዳል፤ ደግሞ ይሞታል፤ ደግሞ ይወለዳል። ከዚህ መመላለስ ነፃ መውጣት በአገሩ ሞክሻ ይባላል። «እኔ ታስሬያለሁ። መፈታት እፈልጋለሁ» አለው።

አሊም አደረሰ። ወሬው አንዲት ቃል ሳይጎድልበት አሳይታ ገባ።

ትልቁ ሽማግሌ ሐጂ ሁመድ በአሊ አስተርጓሚነት እንዲህ አሉኝ፤ «እኛ የምናውቀው ሰው አንዴ ይሞታል፤ ከዚያ የፍርዱ ቀን፣ ቂያማ ነው። ግን እንግዳ በአገራችን ታስሬያለሁ ካለ፣ መጀመሪያ ሃይማኖቱን አንጠይቅም። ያሰረውን ሰው ጥሩልን፤ እንለምነዋለን። እምቢ ካለ ካሚዮኑ ዛሬ ማታ ይመለሳል። ይዘነው እንሄዳለን።»

ዳይሬክተራችንን ላብ አጠመቀው። የሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል፤ ሌላ የሂሳብ አስተማሪ ደግሞ የለንም። «ከወሰዱት ስምንተኛ ክፍል አለቀለት» አለኝ በጆሮዬ። «አስረዳቸው እንጂ።»

አስረዳኋቸው። የነፍስ ጉዳይ ነው አልኳቸው፤ ሰንሰለት የለውም፣ እስር ቤት የለውም። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ሐጂ ሁመድ «እሺ» አሉ፤ «ታዲያ ያሰረው ማነው?»

ሚስተር ኩማር ተጠራ። ጠመኔውን እንደያዘ መጣ። ስቆ «ተሳስታችኋል» ይላል ብዬ ነበር... ፊቱ በራ እንጂ። አዋሽ ከመጣ ጀምሮ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ያሰረኝ ፍላጎቴ ነው» አለ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የኔው ነው።»

«የት ይኖራል?»

ሚስተር ኩማር ደረቱን ነካ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። «ከባድ ነው» አሉ ሐጂ ሁመድ። «ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጠው ዳኝነት የለም። ይለዩ።»

ሁለት ሰሌን ተነጠፈ። ሚስተር ኩማር በቀኝ በኩል ተቀምጦ አቤቱታውን አሰማ። ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ተሻግሮ በግራ በኩል ተቀመጠ፤ አሁን ተከሳሹ ፍላጎት ነው። እሱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ ወደ አማርኛ፣ አሊ ወደ አፋርኛ። ተማሪዎቹ መስኮቱ ላይ ታጭቀዋል። አንድም የሳቀ የለም።

«አንተ ፍላጎት» አሉ ሐጂ ሁመድ፤ «ይህን ሰው ለምንድን ነው የማትለቀው?»

ሚስተር ኩማር መስኮቱ ላይ የታጨቁትን ልጆች አንድ በአንድ አያቸው። ዳይሬክተሩ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኛል።

«ልጆቹ ፈተናውን እንዲያልፉ እፈልጋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ሌላስ?»

«ሌላ... አልጋዬ ጋ ትንሽ ነፋስ ቢደርስ።»

«ነፋሱን እኛም አላገኘነውም፤ ተወው» አሉት። በፈተናው ላይ ግን ብዙ ተከራክረው ፈረዱ። ፍላጎት ያቀረበው ምክንያት ተገቢ ነው። ሰውየውን እስከ ፈተናው ይያዘው፤ ፈተናው ሲያልቅ ይልቀቀው። ዋሱ ዳይሬክተሩ ይሁን። ዳይሬክተሩ እጅ ነስቶ ዋስ ሆነ፤ ሽማግሌዎቹም ማታ በካሚዮናቸው ተመለሱ።

ልጆቹ ተፈተኑ። አብዛኞቹም አለፉ። ሐጂ ሁመድ «ለቀቀው ወይ?» ብለው ሰው ላኩ። ልጠይቀው ብሄድ፣ ሚስተር ኩማር ሰው በሌለበት ክፍል ብቻውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ለካ የመምህርነት ውሉን አድሷል።

«ነፃ አልወጣህም እንዴ?» አልኩት።

«ልወጣ ተነስቼ ነበር» አለኝ ከሰሌዳው ዞር ሳይል። «ከዚያ ከሰባተኛ ያለፉትን አየኋቸው... ክፍልፋይ ገና አልገባቸውም።»

ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ተማሪ ግማሽና ሲሶን ሲደምር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ጋር ሲያደርግ ካየሁ «ይሄኔ አንድ ሕንዳዊ የሆነ ቦታ እንደገና ተወለደ» እል ነበር።