ዝቅ ያደረግኩት ጥላ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ገና ሁለት ሦስት የሐበሻ ምግብ ቤት ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። አሠሪያችን ጋሼ መኮንን ምግብ ቤታችን በሚዘጋበት አንድ ሰኞ እንደ በረንዳ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ሬንት አድርገው እኔን፣ ግርማንና አልማዝን ሐይቅ ወሰዱን። ታጥፎ የታሰረውን የሸራ ጥላ ፈትቼ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። የአልማዝ ዓይን ግን መሪው ጋ ቀጥ ብሎ የቆመው ግርማ ላይ ነው። ከእኔ በአንድ ክንድ ይረዝማል። ቅናት አንገበገበኝ። ጎብጦ ሲነዳ ትየው ብዬ የጥላውን ብረት በእኔ ቁመት ልክ አወረድኩት።

"ምነው ዝቅ አለ?" አለ ግርማ።

"ነፋስ አለ" አልኩት። አመነኝና ቁጭ አለ።

ጋሼ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ወደ ጀልባው ሲገቡ፣ እንደ ልማዳችን ሦስታችንም "ኖር" ብለን ብድግ አልን። እሳቸው "በእግዜር" ሳይሉ ብረቱ የግርማን ግንባር አገኘው።

አልማዝ የሻርፗን ጫፍ ጠቅልላ፣ በትንፋሿ እያሞቀች እብጠቱን ትጫንለት ጀመር። እስክንመለስ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሳችም።

"እኔንም እኮ መትቶኛል" አልኳት።

ብረቱን አየችው፤ ቀጥሎ እኔን።

"አንተን? መቼ ደርሰህበት።"