ትንሽ አሳድጊያት

ወንድሜ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ አሥር ቀን ሲቀረው የትዝታ አልበም ላዘጋጅለት ተነሣሁ። ወፍራም ጥቁር ገጽ ያለው ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሳደጉት ሰዎች ሁሉ በአንድ ፎቶ ተሰባስበው እንዲወጡ ነበር ሐሳቤ፤ እኔ በስልኬ አቀናብረዋለሁ፣ ገበያው አጠገብ ያለው ፎቶ ቤት ደግሞ ያትምልኛል። ሥራው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱን ሰው ከየፎቶው በጣት እየከበቡ ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያ አንድ የቡና ማሳ ላይ መደርደር ነው። ያከበደችው እናቴ ናት።

መነጽሯን አድርጋ ከጎኔ ተቀመጠችና አዛዥ ሆነች። አባቴን መሃል ላይ አቆምኩት። «ከፍ አድርጊው እንጂ፣ የቤቱ ራስ እኮ ነው» አለች። ከፍ አደረግሁት። «አሁንስ ዛፍ ላይ የወጣ መሰለ። አውርጂው» አለች። አወረድኩት። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በሕይወት ሳለም በእሷ ትእዛዝ ሲወጣና ሲወርድ ነው የኖረው፤ ብዙም አልከፋውም መሰለኝ።

ቀጥሎ ጎረቤታችን ባለሱቁ መጣ። ወንድሜን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብስኩት እያስያዘ ያሳደገው የጅማ ሰው ነው። ጣቴ ስቶ ከራሱ የማይለየውን ኮፍያ ቆርጬ ጣልኩበት። እናቴ ደረቷን ደቃች። «ምን አድርጎሽ ነው ሰውየውን ራሱን የገለጥሽው? አሁኑኑ መልሽለት!» ኮፍያውን እስክመልስ ድረስ ሻይ እንኳ አልቀመስኩም።

ከዚያ አክስቴ ላይ ደረስን።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ የምትኖረው ቴፒ ነው። ወንድሜ ገና ዳዴ ሲል እናቴ ታማ ሆስፒታል ስትመላለስ፣ ወስዳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳደገችው እሷ ናት። ታዲያ ሁለቱ ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አባቴ ያረፈው በክረምት ነበር። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ አክስቴ የደረሰችው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ሆነ። እናቴ ጭቃ የሚባል ነገር አልሰማችም። «ባሌን ቀብሬ ከጨረስኩ በኋላ ለማን መጣሽ?» አለቻት በሰው ፊት። አክስቴ በመጣችበት መኪና ተመለሰች። ወንድሜ ለምረቃው ሁለቱም ካልመጡ ደስታዬ ግማሽ ነው ብሎኝ ነበርና፣ ይህ ገጽ ለእኔ ከጌጥም በላይ ነበር።

ፈራ ተባ እያልኩ «አክስቴንስ የት ላድርጋት?» አልኳት።

«ልጁን አሳድጋለች፣ አልክድም» አለች ፊቷን አዙራ። «ጥግ ላይ አድርጊያት። ትንሽ አድርገሽ።»

ቤታችን ውስጥ የተረፈው የአክስቴ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ በዓል ሁላችንም ተሰብስበን የተነሣነው ሲሆን፣ ፊቷ ከቡና ፍሬ አይበልጥም። በቴሌግራሟ ላይ ያስቀመጠችው ደግሞ ጽጌረዳ አበባ ነው፤ ወንድሜን ጽጌረዳ አሳደገችው ብዬ አልለጥፍ ነገር። ያችኑ ትንሿን ቆርጬ ከግርጌ፣ ከቡናው ቅጠል ሥር ሸጎጥኳት።

እናቴ በዓይኗ ጥግ አየቻት። «ይሄማ በዛ። ዶሮ አስመሰልሻት እኮ! ሰው ምን ይለኛል? ትንሽ አሳድጊያት።»

አሳደግኋት።

«ከባለሱቁ አንሳ ልትታይ ነው? ልጁን ያሳደገው ብስኩት ነው እንዴ? ጨምሪ።»

ጨመርኩ።

«ከቅጠሉ ውስጥ አውጫት ደግሞ። ቡና ልትሰርቅ የገባች መሰለች።»

እንዲህ እንዲህ እያልን አክስቴ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጥጉ ተነሥታ፣ ባለሱቁን አልፋ፣ ከአባቴ ጎን ካቆምኳት እናቴ ትከሻ አጠገብ ደርሳ ቆመች። ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነክሼ ነበር። አንዴ ብስቅ ኖሮ ወደ ቅጠሉ ሥር ትመልሳት እንደነበር አውቃለሁ።

እዚያ ስትደርስ ግን ፊቷ ጠፋ። ያች ትንሽ ምስል ተለጥጣ ተለጥጣ ዓይንና አፍንጫዋ ተቀላቀለ።

«አጥሪያት እንጂ!» አለች እናቴ።

«አይጠራም እማዬ። ሌላ ፎቶ ያስፈልጋል።»

«ታዲያ ፈልጊያ።»

«ያለው እሷ ጋ ነው። እኔ አልደውልም፤ እህትሽ ናት፣ አንቺ ጠይቂያት።»

ውሸቴን ነው። እኔ በየሳምንቱ እደውልላታለሁ፤ እናቴም ታውቃለች፣ እንደማታውቅ ሆና ነው የኖረችው። የነጠላዋን ጥለት ስታፍተለትል ቆየች። ከዚያ «ደውይልኝ» አለች። ስልኬ ውስጥ ስሟን ስፈልግ ቁጥሩን በቃሏ፣ አንድም ሳትሳሳት ነገረችኝ። በዚህ ጊዜ ሳቄ ሁሉ ጠፋ።

አክስቴ «ሃሎ» ስትል እናቴ ሰላም እንኳ አላለቻትም። «ፎቶሽን ላኪ። ለልጁ ምረቃ ነው» አለቻት።

«እሺ እትዬ» አለች አክስቴ። ሌላ ምንም ሳይባባሉ ስልኩ ተዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ፎቶው ደረሰ። አክስቴ ደጃፏ ላይ ቆማለች፤ ተቻኩላ ነው መሰል፣ ሻሽ እንኳ አላሰረችም። ፀጉሯ አንድ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። አራት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ስሰማ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ መነጽሯ አስጠጋችው። «ታናሼ እኮ ናት» አለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና፣ ቀስ ብላ «ታናሼ እኮ ናት» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለእኔም አልደበቀችውም።

አዲሱን ፎቶ ቆርጬ በገጹ ላይ ከእሷ ጎን አስቀመጥኩት። ገጹ ላይ ያለችው እናቴ ወንድሜ በተወለደ ሰሞን የተነሣች፣ ጥቁር ሹሩባ የተሠራች ወጣት ናት። ሁለቱን እያፈራረቀች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። በኋላ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ሻሿን ፈታች። ከሥሩ ያለውን ሽበት ከእኔ በቀር ማንም አይቶት አያውቅም።

«የእኔን አጥፊና አሁን አንሺኝ» አለች። «ብቻዋን አታርጅ።»