በስልክ የተሠራው ስፒከር

ጅዳ በነበርኩባቸው ዓመታት እንጀራዬ የሆስፒታል መሣሪያ መጠገን ነበር። ቀን የራጅ ማሽን እፈታለሁ፣ ቤት ስገባ ደግሞ ስፒከር እፈታለሁ። አሮጌ ሬዲዮ፣ የተጣለ ቴፕ፣ ጎረቤት «አይሠራም» ብሎ ደረጃ ላይ ያስቀመጠው ማጉያ፣ ሁሉም መጨረሻው በኒ ማሊክ ሰፈር ያለው ሳሎናችን ነበር። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ ወንበሩ ላይ የተከመረውን ሽቦ በክንዷ ጠርጋ ታስቀምጥና፣ «እዚህ ቤት ያልተፈታሁ እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች። «እሱም ጊዜ አጥቶ ነው።»

ይህ በሽታ ጓደኛ ይፈልጋል። የኔ ጓደኛ በአንድ አየር መንገድ ቲኬት ቢሮ የሚሠራ፣ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ከሁለት ክፍል አልፎ የሚሰማ ሰው ነበር። ካቻቢቴና ፒንሳ አይለይም፤ ሙዚቃ ግን ነፍሱ ነው። አንድ ቀን ብዙ ያወጣበትን አዲስ ስፒከር ሊያሳየኝ ወሰደኝ። በሳምንቱ እኔ ቤት መጥቶ በችፑድ የሠራሁትን ሰማ። ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አይቼ ስለማላውቅ የታመመ መስሎኝ ውኃ አመጣሁለት።

«ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«በእጅህ?»

«በእግሬ ልበልህ?»

«እንግዲያው ለሰው እናስተምር» አለ። «ሰው ሁሉ ዓርብ ዓርብ ተኝቶ ከሚውል ቤታችን ሰብስበን ስፒከር እናሠራው።» ቤታችን ያለው የኔን ቤት ነው።

ሦስተኛውን ሰው ያገኘነው አል-ባላድ በሚባለው የጅዳ አሮጌ ገበያ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ጠና ያሉ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰው ከሻጩ ጋር በጥርት ያለ የመካ ዓረብኛ ሲከራከሩ ቆዩና፣ ወደ ጎን ዞር ብለው በወሎ አማርኛ፣ «ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው!» አሉ። ጓደኛዬና እኔ አብረን ሳቅን። ደነገጡ፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። አያታቸው ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እሳቸው መካ ተወልደው፣ እዚያው ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ ለሐጃጅ ሆቴሎች መጋረጃ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ሁሉም ሰው ሐጂ ነው የሚላቸው፤ እኛም ሐጂ አልናቸው። አባታቸው የተዉላቸው የመንዙማ ካሴት አለ፤ እሱን ደህና አድርጎ የሚያሰማ ነገር ፍለጋ ነበር የመጡት። ጓደኛዬ እዚያው ቆመን የኛ ማኅበር አባል አደረጋቸው። ማኅበር ግን ገና አልነበረንም።

ዝግጅቱ በርካታ ዓርብ ፈጀ። ጓደኛዬ የመክፈቻ ንግግር፣ ባነርና የምስክር ወረቀት ይኑር አለ። ሐጂ መጀመሪያ መነጋገር ያለብን ስለ ምሳው ነው አሉ። እኔ ሰው ሁሉ ስፒከሩን ከመንካቱ በፊት በቁራጭ ሽቦ ብየዳ ይለማመድ አልኩ። ስንጨቃጨቅ ሻይ ልታቀርብ የገባችው ባለቤቴ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ሰማችንና አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ያ ሁሉ ሰው ችፑዱን የሚጋዘው የት ነው?»

ማንም አላሰበበትም።

«ምንጣፌ ላይ እንዳልሆነ ብቻ ነው የማውቀው» ብላ ወጣች።

እቅዱ በሙሉ ተለወጠ። እንጨቱ በሐጂ አናጺ መካ ይቆረጥ፣ ተማሪው ማጣበቅና ማሰር፣ መበየድና ማዳመጥ ብቻ ይሁን ተባለ። ለሙከራ ባለቤቴን የመጀመሪያዋ ተማሪ አደረግናት። ሣጥኑን ከሁላችንም ቀድማ አጣበቀች። ብየዳ ላይ ስትደርስ ግን የመበየጃውን ካውያ አስቀምጣ ስልክ ልታነሳ ዞር ስትል፣ ያ የፈራችለት ምንጣፍ ተቃጠለ። የአምስት ሣንቲም ስፋት ያላት ጥቁር ነጥብ። ሦስታችንም ኮርኒሱን አየን። «ማንም አንድ ቃል እንዳይናገር» አለች። እቅዳችን ላይ «ከካውያው ሥር ጣውላ ይቀመጥ» የሚል ጨመርን፤ ያስጨመረችው እሷ መሆኗን ግን አልጻፍንም።

ስፒከሩ ተሠርቶ ሲፈተን ምን ይከፈት የሚለውም ራሱን የቻለ ጦርነት ነበር። ሐጂ መንዙማ፣ ጓደኛዬ የሠርግ ዘፈን፣ ለመማር ከተመዘገቡት አንዷ ነርስ መዝሙር። እሱንም ባለቤቴ ፈረደች፦ «ሁሉም የየራሱን ያምጣ። ቀድሞ ሠርቶ የጨረሰ የራሱን ያሰማ።» ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ በየቤቱ ብየዳ መለማመድ ጀመረ።

ይህን ሁሉ አዘጋጅተን፣ ለጅዳ የሚሆነው እንጨት ደርሶን፣ ለሐጂ ቤተሰብ የሚሆነውም መካ እሳቸው ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ እያለ፣ መንግሥት ወረቀት ለሌለው የውጭ ሰው የሰጠው የምሕረት ጊዜ አለቀና አፈሳው መጣ። በፈረንጆቹ የ2013 መጨረሻ ነው። የኛ ሰፈር ጎዳና ባንድ ሳምንት ባዶ ሆነ። ሱቆች መዝጊያቸውን ግማሽ አውርደው ነው የሚሸጡት። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው ሰው እንኳ ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ ኪሱን ሦስቴ ይዳብሳል። እኛ ወረቀታችን የተስተካከለ ነበር፤ ግን በየኬላው ሣጥን ሙሉ ሽቦና ባትሪ ይዞ መቆም የሚያኮራ ነገር አልነበረም።

የሐጂ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። መካ ተወልደው መካ የሸበቱ ሰው፣ ኢቃማቸው ላይ ሙያቸው «ልብስ ሰፊ» ይላል። መርፌ ይዘው አያውቁም፤ በአፈሳው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ካለው ሙያ ውጭ የሚሠራም ይያዛል። ኢቃማውን ያወጣላቸው ሳዑዲ፣ ከፊል የሚባለው ዋሳቸው፣ ደውሎ፣ «ነገሩ እስኪበርድ ከመካ እንዳትወጣ» አላቸው። ማምሻውን ለኔ ደወሉ።

«ያ ሙሀንዲስ» አሉ፣ አንተ መሐንዲስ ማለታቸው ነው፤ «መምጣት አልተቻለም።»

«እናራዝመው፣ ሐጂ።»

«የምን ማራዘም! ቤተ ዘመዱን ሁሉ ጠርቻለሁ፤ በጉም ተገዝቷል። አንተ ና እንዳልልህ…» አሉና ተዉት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መካ አልገባም። «ኸላስ፣ በቃ፣ ያን ባለድምፁን ላከው» አሉ በመጨረሻ።

ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፤ ኢቃማውም የጸዳ ነው። መካ ገብቶ ማስተማር የሚችለው ብቸኛው ሰው፣ ከመካከላችን መደመርና መቀነስ ያለውን ገመድ የማይለየው ሰው ሆነ። ከመሄዱ በፊት አስጠናሁት። «አታስብ፣ አንተ በስልክ ትነግረኛለህ፤ እኔ እጅህ ነኝ» አለ። እጄን አየሁትና አዘንኩለት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለት ክፍል ተከፈተ። አንዱ ሚስፈላ፣ ሐጂ ሱቅ ውስጥ፣ ጓደኛዬና የሐጂ ቤተሰብ። አንዱ እኔ ሳሎን፣ ከተመዘገቡት ውስጥ ሊመጡ የደፈሩት ሁለት ሐኪም ባልና ሚስትና ያቺ ነርስ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ድምፁን ከፈትነው። ጓደኛዬ ግን ስልክ አያስፈልገውም ነበር፤ ትንሽ ቢጮህ ከመካም ይሰማ ነበር።

«ቀዩን ገመድ መደመር ካለበት ጋር» አልኩ።

«ቀይ የለም። ሁለቱም ነጭ ናቸው።»

«ነጭ ከየት መጣ? ቀይና ጥቁር ግዙ አላልኩም?»

ሐጂ ከኋላ፣ «ቀይና ጥቁር ከመጋረጃው ጋር አይሄድም!» አሉ።

ካንደኛው ገመድ ጫፍ ላይ ቀይ የመጋረጃ ዘርፍ እንዲያስሩ አደረግሁ። ተበየደ፣ ታሰረ። እኛ ዘንድ ሐኪሟ ከባሏ ቀድማ ጨርሳ የራሷን ዘፈን ከፍታ እየተወዛወዘች ነው። ከመካ ግን ቅሬታ መጣ።

«ይዘፍናል፤ ግን ሰውየው ጣሳ ውስጥ ያለ ይመስላል» አለ ጓደኛዬ። «ወፍራሙ ድምፅ የለም።»

ስልክ ወፍራም ድምፅ አያስተላልፍም፤ እኔ ብሰማም አይገባኝም። ግን በሽታውን አውቀዋለሁ። ከሁለቱ ስፒከር ያንዱ ገመድ ተገላብጧል ማለት ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙን ድምፅ ተያይዘው ያጠፉታል። ምርመራውም ቀላል ነው፤ የባትሪ ድንጋይ ከገመዱ ጫፎች ጋር ሲያስነኩ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ይዘላል።

«ድንጋዩን አስነካው። ወጣ ወይስ ገባ?»

«ወጣ!»

«ሁለተኛውስ?»

«ገባ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሠራም! ወጣ ወይስ ገባ?»

«ሐጂ ወጣ ይላሉ፣ እኔ ገባ ነው የምለው!»

«ድገመው! ገባ?»

«ገባ! ገባ! ወላሂ ገባ!»

በራችን ተደበደበ።

በዚያ ወር በር ሲደበደብ ምን እንደሚሰማ ያልኖረበት አያውቀውም። ነርሷ ክርስቲያን ሆና ሳለ «ያ አላህ» አለች። ሐኪሙ ባንድ እጁ የጋለ ካውያ፣ በሌላው ኢቃማውን ወደ በሩ ዘርግቶ ቆመ። ባለቤቴ ሄዳ ከፈተች።

ፖሊስ አልነበረም። ከላይ ፎቅ የምትኖር፣ ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ የማናውቃት ወጣት ሴት ናት። ዓባያዋን ደርባ፣ ጫማ ሳታደርግ ነው የወረደችው።

«ማን ነው የወጣው?» አለች። «ማንን ነው ያስገቡት? በእናታችሁ፣ ወንድሜ ነው?»

ወንድሟ በአፈሳው መጀመሪያ ከሥራ ሲመለስ ተይዞ ነበር። የት እንዳለ እንኳ በቅጡ አልሰማችም። ጩኸታችን በመስኮት ሲደርሳት፣ ከእስረኞቹ መሐል ከአንዱ ጋር በስልክ እየተነጋገርን መስሏታል።

ሣቃችን የት እንደገባ አላውቅም። ባለቤቴ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። እኔ የማውቀውን አደረግሁ። ስፒከሩን ፊቷ አስቀምጬ ድንጋዩን አስነካሁት። ወረቀቱ ጥቅ ብሎ ወጣ። ገልብጬ አስነካሁት። ገባ።

ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ ነው የወጣው?»

«ይሄ ነው፣ እህቴ።»

መጀመሪያ ሳቀች። እንዲያ የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ግን አላቆመችም፣ ሣቁ ሲያልቅ ለቅሶ ሆነ። ከስልኩ ውስጥ ጓደኛዬ፣ «ምን ሆናችሁ? ተያዛችሁ እንዴ? መልሱልኝ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። ባለቤቴ ስልኩን አንስታ የሆነውን ነገረችው። እሱ ለሐጂ ነገራቸው። ከዚያ ሐጂ ወደ ስልኩ ቀርበው፣ በዚያ በሚከራከሩበት ድምፅ ሳይሆን በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ የየት አገር ነሽ?» አሏት።

«የወሎ ነኝ፣ አባ። ከደሴ በላይ።»

ዱዓ አደረጉላት። ለወንድሟ፣ ለታሰሩት ሁሉ፣ በመንገድ ላሉት፣ በር ሲንኳኳ ለሚደነግጡ። እዚያ የተሰበሰበው ዘመድ «አሚን» ሲል በስልኩ ይሰማናል፤ እኛም ሳሎን ውስጥ ያለነው ክርስቲያኖች «አሜን» አልን። ከካውያው ሥር ጣውላው ይጨስ ነበር፤ ማንም ልብ አላለም።

ቡና ይፈላልሽ ብትባል እንቢ አለች። «ላይ ብቻዬን ግድግዳ ከማይ እዚሁ ልሁን» አለች። «ምን ልያዝ?»

ባለቤቴ የባትሪውን ድንጋይ ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ የሁሉንም ስፒከር የመረመረችው እሷ ናት፤ አንድም አልሳተችም።

ሚስፈላም የተገላበጠው ገመድ ተስተካከለ። ጓደኛዬ ካሴቱን አስገባ። እኔ የሰማሁት ቀጭን፣ የራቀ የመንዙማ ዜማ ብቻ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ መመለሱን ማወቅ አልቻልኩም። ከዚያ አንዲት ሴት፣ የሐጂ ባለቤት መሆናቸውን ኋላ ነው የተነገረኝ፣ ከላይ ቤት ሲጮኹ ሰማሁ፦ «ቀንሱት! ብርጭቆው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ነው!»

«ሠርቷል» አልኩ ለሳሎኑ። ሐኪሞቹ አጨበጨቡ።

ሐጂን ጠራኋቸው። «ያ ሙሀንዲስ፣ አባቴ ከሚያዜመው ሰው ጋር አብረው ይቀበሉ ነበር ለካ» አሉ። «እስከ ዛሬ ድምፃቸው እዚያ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር።» ምሳው እንዳይበርድ ብለው ስልኩን ዘጉት።

ጎረቤታችን ስለ ወንድሟ ለማወቅ ሌላ ሦስት ሳምንት ጠበቀች። ከአዲስ አበባ ደወለላት፤ ከስቶ፣ ሻንጣ ሳይኖረው፣ ግን በሕይወት። የዚያን ዕለት ደረጃውን ስትወርድ ጫማ አድርጋ ነበር፤ በሩንም አልደበደበችም፣ በቀስታ አንኳኳች። እስክትሄድ ድረስ ዓርብ ዓርብ ትመጣ ነበር። ለወንድሟ የሚሆን ሁለት ትንንሽ ስፒከር ሠርታ፣ በልብስ ጠቅልላ ይዛለት አገሯ ገባች።

መንገዱ ሲረጋጋ ሐጂ የራሳቸውን ሣጥኖች መኪና ላይ ጭነው ጅዳ መጡ። ያን ያህል በስልክ ያሠራሁትን ሣጥን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከላይ እስከ ታች ወርቃማ የሆቴል መጋረጃ ለብሷል፤ ግርጌው ላይ ዘርፍ፣ ጎኑ ላይ ማሰሪያ ገመድ አለው። ገመዱን ስትጎትተው መጋረጃው እንደ መስኮት ይከፈታል፣ ከኋላው ስፒከሩ ብቅ ይላል። መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ሐጂ አልተቀየሙም። «ድምፅም ቤት ያስፈልገዋል፤ ቤት ደግሞ መጋረጃ» አሉ። ባለቤቴ አንዱን ለሳሎናችን አዘዘች።

ኮንትራቴ አልቆ ከመመለሴ በፊት ዝግጅቱን ሦስት ጊዜ ደግመነዋል፤ የመጨረሻውን በጓደኛዬ ቤት፣ በሱ ምንጣፍ ላይ። አሁን እሱም አዲስ አበባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች ሰብስቦ ስፒከር ያሠራል። «መካ ድረስ ሄጄ አስተምሬያለሁ» እያለ እንደሚያወራ ሰምቻለሁ። አንድ ሁለት ሰው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እውነት ነው፤ አስተምሯል።