ማንንም የማያስጠይቀው መሣሪያ

ይህ ነገር የፈጀብኝን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ሦስት ሺህ ብር፣ የአንድ መኸር ነጭ ማር፣ እና ስመጣ ውሻ የሚያስሩልኝ የነበረ አንድ ቤት።

የሸጠልኝ መቀሌ ያለ የሬዲዮ ነጋዴ ነው። ሞባይል ሰቆጣ ገና በገባበት ሰሞን ነበር። እኔም ነጋዴ ስለሆንኩ ሲዋሹኝ አውቃለሁ፤ ይህ ሰው ግን አንድም አልዋሸኝም። ዋሽቶኝ ቢሆን ኖሮ ተመልሼ አንገቱን አንቄ በወጣልኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ ይህን ከያዝክ መንገድ ማንንም አትጠይቅም» አለኝ። «ያለህበትን ከሳተላይት ተቀብሎ ይነግርሃል። ካርታውም ባለ ቀለም ነው።»

«ዋግ አለበት?»

«ዓለም በሙሉ አለበት።»

ሰቆጣ ገብቼ ስከፍተው እውነትም ዓለም በሙሉ አለበት፤ የሌለበት ዋግ ብቻ ነው። ባሕሩ ሰማያዊ፣ የዓረብ አገር ከተማ ሁሉ በነጥብ በነጥብ፤ እኛ ጋ ሲደርስ እንደ ተፋቀ ቁርበት ባዶ ቢጫ። በዚያ ባዶ መሐል አንዲት ጥቁር ምልክት ቆማለች። እሷ እኔ ነኝ። እኔ ሱቄ ውስጥ መሆኔን ለማወቅ ሦስት ሺህ ብር አላስፈለገኝም ነበር።

የባትሪ ድንጋይ ሲበላ ደግሞ አይጣል ነው። ሬዲዮ ወር ሙሉ የሚያወራበት ጥንድ የባትሪ ድንጋይ በዚህ መሣሪያ ምሳ ሰዓት አይደርስም። ያ የተወራለት ቀለምም ፀሐይ ላይ ሲወጣ ድራሹ ይጠፋል፤ ለማየት ጋቢ ተከናንቦ እንደ ጠንቋይ ማጎንበስ ነው። መመሪያው በማላውቀው ቋንቋ ሁሉ ተጽፏል። ስነካካ ስነካካ ሁለት ነገር ለመድኩ፤ የቆምኩበትን ቦታ ማስመዝገብ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ቀስቱ ወደዚያ ቦታ እንዲጠቁመኝ ማድረግ። ለእኔ ጉዳይ ይህ ይበቃል ብዬ ነበር።

ጉዳዬ ከደላላ መገላገል ነበር። ከፃግብጂ በኩል ነጭ ማር ገዝቼ ወልድያ ላለች አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት አቀርባለሁ። የዚያን አገር ማር የሚያስንቅ ማር የሚቆርጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ቤት በየዓመቱ የሚወስደኝ የአገሩን ቋንቋ፣ ኽምጣንጋን የሚናገር ደላላ ነው፤ ድርሻውንም በማር ይወስዳል። ከመኪናው መንገድ ወርደን ተራራውን ግማሽ ቀን ሙሉ ያዞረኛል። ከዚያ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ማዶ ካለው አፋፍ ላይ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠኝና በኽምጣንጋ ይጣራል። እንጠብቃለን። ከቤቱ ሰው እስኪመልስ እንጠብቃለን። ከብዙ ጊዜ በኋላ መልስ ይመጣና እንወርዳለን። ዙረቱም ጩኸቱም የድለላውን ዋጋ ማድመቂያ ይመስለኝ ነበር። እሱም አንድ ቀን «ለምን እንደምጣራ ታውቃለህ?» ብሎኝ አያውቅም። ደላላ የሚሸጠውን ነገር በነጻ አይናገርም።

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ስንሄድ የሽማግሌው ቤት ገብተን ተቀምጠን ሳለ፣ መሣሪያውን ከጋቢዬ ሥር አድርጌ ቦታውን አስመዘገብኩ። ስንመለስ መኪናው መንገድ ላይ ቆሜ ቀስቱን አየሁት። ቤቱ ከተራራው ጀርባ እዚያው ነው! ቀጥታ ለሚሄድ ሰው ትንፋሽ አይጨርስም። «ጉድ ነው» አልኩ በሆዴ፣ «ይህ ሁሉ ዓመት ሲያዞረኝ ኖሯል።»

በዓመቱ ወልድያ ያለችው ሴት ለገና ማር አዘዘችኝ። ያለፈው አዝመራ ከፍቶ ማሩን አሳንሼባት ነበርና «ዘንድሮ ካስቀረህብኝ የላስታ ነጋዴ ደጄ ላይ ቆሟል» አለችኝ። ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ ማር ሲደርስ በቅሎዬን ባዶ ጀሪካን ጭኜ ብቻዬን ወጣሁ። ደላላው መንገድ ላይ አገኘኝ።

«ጋሼ፣ ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ማን ይጠራልሃል?»

መሣሪያውን አሳየሁት። አገላብጦ አየውና መለሰልኝ።

«ኽምጣንጋ ይችላል?»

ስቆ ሄደ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፤ ሊነግረኝ ይችል ነበር።

ቀስቱ የሚያውቀው ቀጥታ ነው። እሾኽ የለ፣ ገደል የለ፣ በቅሎ የለ፣ ለሱ ሁሉም ያው ባዶ ቢጫ ነው። ጋቢ እየተከናነብኩ አያለሁ፣ ተገልጬ እቧጥጣለሁ፣ እንደገና እከናነባለሁ። ተራራውን ወጥቼ በጀርባ ወረድኩ። ጋቢ ውስጥ ሆኜ ቀስቱን ስከተል ጢጥ! ጢጥ! አለ። ደርሰሃል ማለቱ ነው።

ጋቢውን ስገልጥ የቆምኩት ጓሮ፣ ቀፎ መሐል ነው። ሽማግሌው የአንዱን ቀፎ ክዳን ከፍተዋል። ጭሱ ይጨሳል። ባለቤታቸው ገበታ ይዘው ቆመዋል፤ ማሩ ነጭ ሆኖ፣ ሳይከደን፣ ገበታው ላይ ተቆልሏል።

«ሳይጠራ!» ብለው ጮኹ ሴትዮዋ፣ ነጠላቸውን ማሩ ላይ እየጣሉ። «ሳይጠራ በጓሮ!»

እዚያ አገር ማር ሲቆረጥ የውጭ ዓይን አያርፍበትም። ከማዶ ተጣርተው የሚጠብቁት፣ ማሩ እስኪከደንና ቀፎው እስኪዘጋ ነው። ይህን የሰማሁት ከሴትዮዋ አፍ፣ ያን ቀን፣ ውሻው ጋቢዬን እየጎተተ ሳለ ነው። በቅሎዬ በንብ ተነድፋ ጀሪካኑን እያንኳኳች ቁልቁል ሄዳለች።

ሽማግሌው አልጮኹም። ክዳኑን ገጥመው ጨርሰው መጡ።

«በየት መጣህ?»

«በአቋራጭ፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ማን አሳየህ?»

«ይኼ ነው። ሰማይ ላይ ካለ ሳተላይት ጋር ይገናኛል።»

«ቀፎዬን ከሰማይ ሆኖ የሚያይ አለ ማለት ነው?»

«ቀፎውን አያይም፣ አባባ። እኔን ብቻ ነው የሚያየው።»

«አንተን ብቻ ካየ፣ የኔን ጓሮ ምን አሳወቀው?»

መሣሪያውን የሠራው ፋብሪካ ቢጠየቅም መልስ ያለው አይመስለኝም።

«መሬት የለኩት ሰዎች የያዙት ይህንኑ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ቤታችንን መዝግቦታል!»

«አጥፋው» አሉኝ ሽማግሌው።

የተመዘገበውን እፊታቸው አጠፋሁት። መሣሪያውን ተቀብለው ፀሐይ ላይ አዩት።

«ምንም አይታይም።»

«ጠፍቷላ፣ አባባ!»

«ቅድምም ምንም አይታይበትም ነበር» አሉና መለሱልኝ። «ለዘንድሮ እኔ ዘንድ ማር የለህም። በመጣህበት ሂድ።»

ዋጋ ጨመርኩ። ለመንኩ። ጀርባቸውን ሰጡኝ።

የማስታረቅ ወጉ አይቀርምና የደብሩን ቄስ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ላክሁ። የመጣው መልስ ባሰ፤ ከሁለት ቀፎ ንቡ ወጥቶ ኮብልሏል፣ ያ ዓይን ነው ተባለ። ንብ በጉንዳን ይኮበልላል፣ በድርቅ ይኮበልላል፣ ያለ ምክንያትም ይኮበልላል፤ ከጥንት ጀምሮ ሲኮበልል የኖረ ፍጥረት ነው! በዚያ ዓመት ግን ምክንያቱ እኔ ሆንኩ። ቄሱም ቢሆኑ መልሱን ሲነግሩኝ መሣሪያውን እንዳላሳያቸው ፊታቸውን ወደ ጎን አድርገው ነበር።

ማሩን ማን ገዛው? ደላላው። ማዶ ቆሞ ተጣርቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠብቆ፣ ጭኖ ወልድያ ወረደ። ወልድያ ደርሼ የጠጅ ቤቷን ባለቤት ባነጋግራት፣

«ማሩ ያው ያንተው ማር ነው፣ ምን ጎደለብኝ?» አለችኝ። «ሰውዬው ደግሞ አያስጠብቅም።»

አያስጠብቅም! ግማሽ ቀን ሲያዞረኝ፣ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጠኝ የኖረ ሰው።

መሣሪያውን ልሸጥ ሰቆጣ ውስጥ ያልጠየቅሁት የለም። ይነካኩታል፣ «ዋግ የት አለ?» ይሉኛል፣ ይመልሱልኛል። መቀሌ ያለው ነጋዴ «ተበላሽቷል?» ሲለኝ አልተበላሸም አልኩት። «ታዲያ ምን ሆንክ?» አለኝ።

አሁን በእጄ ያለው አንድ መሣሪያ ነው፤ ይሠራል። ማር የለም። ወልድያ ደንበኛ የለኝም።