ኛ ቬኔራንዳ ወደ ተራራው ሆድ ሲመለሱ

«ኛ» በእኛ ዘንድ «እመት» ማለት ነው፤ ኛ ቬኔራንዳ የተወለዱት በኬፕ ቨርዴ፣ በፎጎ ደሴት፣ ተራራው እሳት በተፋበት ዓመት ነው። መንደራችን እዚያው እሳተ ገሞራው ሆድ፣ ሰፊው ጎድጓዳ ውስጥ ናትና ሰው ሁሉ «የእሳቱ መንትያ» ይላቸዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ቢቀሩም፣ ጥቁሩን አመድ እየማሱ የሚተክሉት ወይን ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ይደርስ ነበር። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ስንት ዓመት አብሬያቸው ለቅሜአለሁ።

ያለፈው ፍንዳታ በኅዳር፣ እሑድ ጠዋት ጀመረ። ቅልጡ ድንጋይ አይቸኩልም። ግድግዳ ሲያገኝ ደገፍ ብሎ ይቆይና ይገፋዋል፤ ዕቃ ማውጫ ጊዜ ይሰጣል። ልጃቸው አደሊኖ ከዋናው ከተማ ከፕራያ ደርሶልን በርና መስኮቱን ነቅለን መኪና ላይ ጫንን። ስንጨርስ ኛ ቬኔራንዳ መጥረጊያ አንስተው ባዶውን ቤት መጥረግ ጀመሩ።

«እማዬ፣ አሁን ለማን ነው የምትጠርጊው?» አላቸው አደሊኖ።

«እንግዳ እየመጣ አይደል እንዴ።»

«እንግዳው እኮ ቤቱን ሊበላው ነው።»

«ይብላ። የቬኔራንዳን ቤት ቆሻሻ ሆኖ አገኘሁት ግን አይልም።»

ጣሪያው ሲሰምጥ ከኮረብታው ላይ ሆነን አየን። አላለቀሱም። እጄን ግን እስኪያመኝ ጨብጠውት ነበር።

መንግሥት ከተራራው በታች ቤት ሰጣቸው። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ወይን የሚባል አይበቅልም። ወራት እንዳለፉ አንድ ጠዋት ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሽቅብ ሲወጡ አገኘኋቸውና ተከተልኳቸው። መንደሩ የለም፤ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ከጥጉ ግን ጥቂት የወይን ግንድ ቅጠል አውጥቷል።

«አየህ፣ እሳቱ እነዚህን ረስቷቸዋል» አሉኝ።

እዚያው አጠገብ፣ በረጋው ድንጋይ ላይ፣ በብሎኬት ሁለት ክፍል ሠራን። ያተረፍነውን በር ገጠምን። ከሥር ያለው እሳት ገና ስላልበረደ ወለሉ ይሞቃል፤ የዳቦ ሊጥ መሬት ላይ አስቀምጠው ዞር ሳይሉ ኩፍ ይላል።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሹም መጥቶ እዚህ መሥራት ክልክል ነው አላቸው። ቁጭ በል ብለው ካቹፓ አቀረቡለት፤ በቆሎውና ባቄላው በአሳማ ሥጋ ሲንተከተክ ያደረ።

«እናቴ፣ ተራራው እኮ ተመልሶ ይመጣል» አለ እየበላ።

«ይመጣል። ስወለድ መጣ፣ ልጄን ስድር መጣ፣ ይኸው አሁንም መጣ። ጠባዩን አውቀዋለሁ። እናንተ ናችሁ ገና ዛሬ የመጣችሁት።»

ሹሙ ሳቁን ዋጠ። ጫማውን አውልቆ ወለሉን በእግሩ ሞከረው።

«አለቃዬን ምን ልበለው?»

«በላሁ በለው።»

ከዚያ ወዲያ አልታየም። በታች ያሉት ጎረቤቶቻችን የእሳቸውን የምድጃ ጭስ እያዩ አንድ በአንድ ተመለሱ። አደሊኖ በስልክ «እናቴ አብዳለች፣ አንተም አብረህ» እያለ ሲወርድብኝ ከረመ፤ ለመጀመሪያው ለቀማ ግን መጣ። አዲሱን የወይን ጠጅ ቀመሰ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ራሱ ቀዳ።

ዘንድሮ ሚስቱን ይዞ፣ ጓዙን ጠቅልሎ መጣ። ከእናቱ ቤት ጎን ለመሠረት ገመድ ሲወጥር፣ ኛ ቬኔራንዳ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ከማሳው ያዩት ነበር።

«ወደ ግራ ጠጋ በል» አሉት፤ «ያቺ ቦታ ለወይን ናት።»