ሁሉም አምስት

የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ «እምቢ» ማለት አልፈጠረበትም። ሰው ሲያኮርፍበት ማየት አይችልም።

ምድር ቤት በምትገኘው፣ ሊኑክስ በተባለ ሥርዓት በምትሠራ ኮምፒውተሩ በኩል የሆስፒታሉ መረጃ ሁሉ፣ የስልክ ድምፅም ጭምር፣ ያልፋል። ለየክፍሉ ቪላን ከፍቷል፤ በአንድ ገመድ ላይ የየራሳቸው መንገድ ማለት ነው። በዚያ የሚወጣ መረጃ ከዜሮ እስከ ሰባት ቁጥር ይለጠፍበታል፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ትልቅ ቁጥር ያለው ይቀድማል። መጀመሪያ አምስት የተሰጠው ለአምቡላንስ ጥሪ ስልክ ብቻ ነበር፤ የተቀረው ዜሮ።

ከዚያ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ወረደች።

«አለቃችን በቪዲዮ ሲሰበሰቡ ምስሉ እየደረቀ ተቸገርን። እባክህ አንድ ነገር አድርግልን።»

አምስት ሰጣት። ወሬው ዞረ፤ ራጅ ክፍል መጣ፣ ፋርማሲ መጣ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ደግሞ ኳስ ለማየት መሆኑን እንኳ ሳይደብቅ መጣ። አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት፤ ጽፎ «በሉ ይቅናችሁ» ይላቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ያልሆነ ክፍል ጠፋ። ሁሉም ቀዳሚ ከሆነ ማንም እንደማይቀድም ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እሱ ግን መሐንዲስ ነበር።

አንድ ሰኞ ረፋድ ራጅ ክፍል የድሮ ምስሎቹን ወደ አዲስ ማከማቻ ማዛወር ጀመረ። በዚያው ሰዓት አንዲት ሴት ባሏ አንደበቱ ተይዞ መውደቁን ልትናገር ደወለች። ስልኩን ያነሡት ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ የሠሩ እናት ናቸው። አድራሻው እየተቆራረጠ መጣባቸው፤ ሦስቴ አስደግመው የደረሳቸውን ጻፉ፤ መስመሩ ተቋረጠ። አምቡላንሱ ሌላ ሰፈር ሲዞር ሃምሳ ደቂቃ ባከነ። ሰውየው ተረፈ፤ ቀኝ ጎኑ ግን እስካሁን አይታዘዝለትም።

አጣሪ ኮሚቴው «ዕድሜ ነው፣ ጆሯቸው ደክሟል» ብሎ ስልክ ተቀባይዋ ሴትዮ ወደ ልብስ ማጠቢያ እንዲዛወሩ ወሰነ።

ባለሙያው ግን የራጅ ምስሎቹ ከስልኩ እኩል አምስት ይዘው መስመሩን እንዳጨናነቁት የደረሰበት የዚያኑ ሰኞ ከሰዓት ነበር። ከአምቡላንስ ስልኩ በቀር ሁሉንም ወደ ዜሮ መለሰ፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም። ፈራ፤ ሌላ ስም የለውም።

በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ሴትየዋ ዕቃቸውን ከመሳቢያ ሲያወጡ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ ልጄ» አሉት። «ሁለት ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ ሁለቱም ጆሮሽ ደህና ነው ይሉኛል። ታዲያ ምን ነካኝ?»

«እትዬ፣ ጆሮዎ ምንም አልሆነም። መስመሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አሁን ለኮሚቴው ጽፌ አስገብቼ ነው የመጣሁት።»

የያዙትን መነጽር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«መቼ አወቅከው?»

«የዚያኑ ዕለት።»

መሳቢያውን ዘጉት።

«ሴት ልጄ እቤት ስታወራኝ» አሉ፣ «የሰማሁትን ሁሉ ‹እንዲህ ነው ያልሽኝ?› እያልኩ ነው የሰነበትኩት። መጨረሻ ላይ እሷም ማውራቱን ተወችው። በል አሁን ውጣልኝ።»

ወጣ።