ኃላፊም ቢሆን ሳይታጠብ አይገባም

ዛሬ ኃላፊያችንን በር ላይ አቁሜ «ሳይታጠቡ አይገቡም» አልኳቸው።

መተማ ዮሐንስ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ነኝ። ሦስት አባቶች በተቅማጥ ተኝተውብኛል። ያሳመማቸው ባክቴሪያ በሳኒታይዘር አይሞትም፤ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ነው የሚሄደው።

እሳቸው ግን ሳኒታይዘራቸውን እያሹ «እኔን ነው የምታዢው?» አሉኝ። (መዓዛው ደስ ይላል፤ ባክቴሪያው ግን መዓዛ አይፈራም።)

ይኼኔ ጉልበታቸውን ሰሊጥ ማሳ ላይ ጨርሰው እኛ ዘንድ የሚጦሩት አያ ሞላ ማንቆርቆሪያና ሳሙና አንሥተው መጡ። «ልጄ፣ እጅህን ዘርጋ» አሏቸው።

ሽማግሌ ውኃ ይዞ ቆሞ ማን እምቢ ይላል? ኃላፊያችን እጅጌያቸውን ሰብስበው ታጠቡ።

እናንተስ «ታጠቡ» ብላችሁ ያስቀየማችሁት ትልቅ ሰው ማነው? እኔ ለነገ ግምገማ ተጠርቻለሁ። ሳሙናውን ይዤ እገባለሁ።